ቻናሉስ በዛ፤ ባለቤቱስ?

(ስለ ሚዲያ ባለቤትነት ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ)

ሰሞኑን ሰው ሲቀባበለው የነበረ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። የጸሐፊው ብዕር ይጣፍጣል፤ አይካድም። የሚለው ባጭሩ ይኼ ነው። የሚዲያ ባለቤት ማነው እያሉ መጨነቅ ጊዜው አልፎበታል፤ ዛሬ ስልክ የያዘ ሁሉ ጣቢያ አለው። የጋዜጣ ቱጃሮች ምርጫ ያስቀይራሉ የሚባለው ተረት ነው። ሞኖፖሊ ከመጣም የንግድ ውድድር ሕግ አለ፤ ለሲሚንቶና ለዘይት የሚሠራ ሕግ ለጋዜጣም ይሠራል። ሀብታም ባይገዛቸው ኖሮ ትልልቆቹ ጋዜጦች በሞቱ ነበር። ደግሞም ጉዳዩ የፈረንጅ ነው፤ እኛ ጋ ማንሳቱ ትርፉ ባለሀብት ማስበርገግ ነው።

በየተራ ልመልስ። አንዳንዱ አጭር መልስ ይበቃዋል።

«ቻናል በዝቷል»

በዝቷል። እዚህ ላይ ጠብ የለንም። የምንለያየው «ስለዚህ» ብሎ ከቀጠለ በኋላ ነው።

እኔ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። የአዳማ ፈጣን መንገድ የሚጀምረው እኛ ጋ ነው፤ አዲስ አበባም የምታልቀው እኛ ጋ ነው። ጋዜጣ ግን እዚህ አይደርስም። አራት ኪሎ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ተከራይቶ ማንበብ ለኛ ታክሲ የሚያቀያይር ጉዳይ ነው። ወሬ የሚመጣልን በዲሽ፣ በታክሲ ሬዲዮና በስልክ ነው።

ዲሹን እንይ። የአገር ውስጥ ቻናሎች ከናይልሳት ወጥተው ኢትዮሳት ላይ ሲገቡ ሰፈሩ በሙሉ ዲሽ ማዞር ነበረበት። ዲሽ ሠሪው ልጅ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሳህኑን በትንሽ በትንሹ ይገፋል። የቤቱ ልጅ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «መጣ!»፣ «ሄደ!»፣ «ኧረ ጥራቱ ወረደ!» ይላል። ሲግናሉ ሲይዝ ዲሽ ሠሪው ይወርድና ሪሞቱን ያነሳል። ከዚያ ማንም ልብ የማይለውን ሥራ ይሠራል፤ ቻናሎቹን ይደረድራል። አንደኛ ይኼ፣ ሁለተኛ ያ። ከኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ እማማ «የኔ ልጅ፣ ዜናውና ድራማው ከፊት ይሁንልኝ፤ የቀረውን እንደ ፍጥርጥርህ» ሲሉት ሰምቻለሁ። ሪሲቨሩ ውስጥ ያለው ቻናል ተቆጥሮ አያልቅም። እቤት ውስጥ የሚታየው ከፊት የተደረደረው ጥቂቱ ነው።

ጸሐፊው የቆጠረው ሪሲቨሩ ውስጥ ያለውን ነው። ሰው የሚያየው ግን ከፊት ያለውን ነው። ደርዳሪው ዲሽ ሠሪ ከሆነ ምንም አይደል፤ እማማ ያሉትን ነው የሚያደርገው። ፈቃድ የሚሰጠው፣ ሳተላይት ላይ የሚያወጣው፣ ማስታወቂያ የሚያከፋፍለው አካል ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል።

ስልኩም ያው ነው። ዩቲዩብ ላይ ጥቂት የዜና ቻናሎች ከፍታችሁ አዳምጡ። አብዛኞቹ የሚያነቡት አንድ ዓይነት ዜና ነው። የሚለያየው የአንባቢው ድምፅና ከጀርባ ያለው ሙዚቃ ነው። ዜናውን ከቦታው ሄዶ ያመጣው ሌላ ሰው ነው። ሪፖርተር መላክ ትራንስፖርት ይፈልጋል፣ አበል ይፈልጋል፣ ጊዜ ይፈልጋል። እኛ ሰፈር ውሃ ሲጠፋ መጥቶ የጠየቀን ዩቲዩበር የለም። ለአንድ ታዋቂ ሰው ፍቺ ግን ቻናሉ ሁሉ ሰዓቱን ሙሉ ይቀመጣል።

ደግሞ ቻናልና ጋዜጣ ቢበዛም የሚያልፉበት በር አይበዛም። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን ውሰዱ። በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመ አንጋፋ ድርጅት ነው፤ የመንግሥት ነው። የግል ጋዜጦች ሲበዙም ሲያንሱም በአብዛኛው የሚታተሙት እዚያ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ለአሳታሚዎች አዲስ የውል ፎርም አቀረበላቸው። ውሉ በሕግ ያስጠይቃል ብሎ የገመተውን ጽሑፍ አላትምም የማለት መብት ለማተሚያ ቤቱ የሚሰጥ ነበር። አሳታሚዎቹ ጮኹ። ግን የት ይሂዱ? የጋዜጣው ስም ብዙ ነው፤ ማሽኑ ያለው አንድ ጊቢ ውስጥ ነው።

የቅርቡንም እንጨምር። ፋናና ዋልታ ለዓመታት ሁለት ስምና ሁለት አርማ ይዘው ኖሩ። አሁን ተዋሕደው ፋና ሚዲያ ኮርፖሬሽን ሆነዋል። ይህ ሲሆን «አንድ ድምፅ አጣሁ» ብሎ የከፋው ተመልካች እኔ አልገጠመኝም። ድሮም ዜናቸው ይመሳሰል ነበርና። ጸሐፊው እንዲያይልኝ የምፈልገው ይህን ነው። ስም ሁለት ሆነ ማለት ዓይን ሁለት ሆነ ማለት አይደለም።

«ምርጫ አያስቀይሩም»

ጸሐፊው የብሪታኒያውን ዘ ሰን ያነሳል። እ.ኤ.አ. በ1992 (ከዚህ በኋላ የውጭዎቹን ዓመታት ሁሉ በነሱው አቆጣጠር ነው የምጠራቸው) ወግ አጥባቂዎቹ ምርጫ ባሸነፉ ሰሞን ጋዜጣው «ያሸነፈው ዘ ሰን ነው» የሚል ርዕስ ይዞ ወጣ። ከ20 ዓመት በኋላ ባለቤቱ ሩፐርት መርዶክ የብሪታኒያን ፕሬስ አሠራር በመረመረው የሌቨሰን አጣሪ ጉባኤ ፊት ቀርቦ ርዕሱ ለዛ የጎደለውና የተሳሳተ ነበር አለ። ጸሐፊው ይህን ይዞ «ባለቤቱ ራሱ መሰከረ» ይለናል።

ጥሩ። ግን በዚያው ጉባኤ፣ በዚያው ዓመት፣ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሜጀርም ቀርቦ ነበር። ቃለ መሐላ ፈጽሞ የተናገረው እንዲህ ነው። ከ1997ቱ የብሪታኒያ ምርጫ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ከመርዶክ ጋር ራት በላ። መርዶክም የአውሮፓ ፖሊሲው እንዲቀየር እንደሚፈልግ፣ ካልተቀየረ ጋዜጦቹ መንግሥቱን ሊደግፉ እንደማይችሉ ነገረው። ሜጀር አልቀየረም። ብዙም ሳይቆይ ዘ ሰን ወደ ቶኒ ብሌር ዞረ። ብሌር ደግሞ በ1995፣ ገና የተቃዋሚ መሪ ሳለ፣ የመርዶክ ድርጅት ኃላፊዎች ስብሰባ ላይ ለመናገር እስከ አውስትራሊያዋ ሄይማን ደሴት ድረስ ሄዶ ነበር። ከለንደን አውስትራሊያ! የተቃዋሚ መሪ ይህን ያህል የሚደክመው ባሕር ዳርቻ ናፍቆት ነው?

መርዶክ በምስክርነቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ምንም ጠይቄ አላውቅም ብሏል። ምን አስጠየቀው? እነሱ በርረው እየመጡለት።

ጸሐፊው ተጽዕኖን የሚፈልገው ድምፅ መስጫ ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው። ዋናው ተጽዕኖ ግን ሳጥኑ ከመከፈቱ በፊት ፖለቲከኛው ምን እንዳይናገር እንደሚጠነቀቅ ላይ ነው። ይህ በድምፅ ቆጠራ አይገኝም።

ሳጥኑ ውስጥም ቢሆን ባዶ አይደለም። ዴላቪኛና ካፕላን የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች የመርዶክ ጣቢያ የሆነው ፎክስ ኒውስ በኬብል የገባባቸውንና ያልገባባቸውን የአሜሪካ ከተሞች አነጻጽረዋል። በ2000ው ምርጫ ጣቢያው በገባባቸው ከተሞች የሪፐብሊካኖች ድምፅ ከ0.4 እስከ 0.7 በመቶ ነጥብ ከፍ ማለቱን አገኙ። ትንሽ ይመስላል። በዚያው ምርጫ የፍሎሪዳ ውጤት የተወሰነው በ537 ድምፅ ነው።

ጣሊያንን ለምን እንደዘለላት አላውቅም። ሲልቪዮ ቤርሉስኮኒ የሦስት ትልልቅ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ባለቤት ነበር። ፓርቲ አቋቁሞ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በ1994፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ከዚያም ሁለት ጊዜ ተመለሰ። የብሪታኒያው ሎርድ ቤቨርብሩክ ደግሞ በ1948 የፕሬስ ጉዳይ አጣሪ ኮሚሽን ጠይቆት ዴይሊ ኤክስፕረስን የያዘው ለፕሮፓጋንዳ ብቻ እንደሆነ ፊት ለፊት ተናግሯል። ቢያንስ አላድበሰበሰም።

«የውድድር ሕግ ይበቃል»

ይኼኛው ትንሽ ያስቀምጠናል።

መጀመሪያ ለጸሐፊው የሚሆነውን ማስረጃ እኔው ልስጥ። ከቱሉ ዲምቱ ወደ ሳሪስ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ የስፖርት ፕሮግራም ሳይከፈት አይኬድም። ማን ማንን ሊገዛ ነው፣ ከአሰልጣኙ ጋር ማን ተኳረፈ። «ዘ ሰን እንደዘገበው»፣ «ዴይሊ ሜይል ይዞት እንደወጣው» እየተባለ ቃሊቲ እንደርሳለን። እንግዲህ በዚያ ታክሲ ውስጥ ያለ የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ሁሉ የውድድር ሕግ ባለውለታው ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የመርዶክ የቴሌቪዥን ኩባንያ ቢስካይቢ ክለቡን በ623 ሚሊዮን ፓውንድ ሊገዛ ተስማምቶ ነበር። የብሪታኒያ የሞኖፖሊና የውህደት ኮሚሽን ጉዳዩን መረመረ። የጨዋታ ስርጭት መብት የሚገዛው ድርጅት ከሻጮቹ አንዱን ክለብ ከያዘ በድርድሩ ጠረጴዛ በሁለቱም በኩል ሊቀመጥ ነው። መንግሥት በ1999 ሽያጩን ከለከለ። (በኋላ ግሌዘሮች መጡ፤ ያ ሌላ ለቅሶ ነው።)

ነገሩ የገንዘብና የገበያ ሲሆን ሕጉ ይሠራል ማለት ነው። ዜና ላይ ሲደርስ ግን የሚጠየቀው ጥያቄ ራሱ ሌላ ነው።

በ1993 የመርዶክ ጋዜጣ ዘ ታይምስ ዋጋውን ከ45 ፔንስ ወደ 30 አወረደ። በማግሥቱ ዓመት ወደ 20 ፔንስ ዝቅ አደረገው። የመርዶክ ኩባንያ ሌላ የገቢ ምንጭ ሞልቶታል፤ ኪሳራውን ይችለዋል። የተመታው በ1986 የተጀመረው ዘ ኢንዲፔንደንት ነው። ስሙ እንደሚለው ከጀርባው እንዲህ ያለ ኪስ አልነበረውም። አንባቢም ገንዘብም ሸሸው፤ በመጨረሻ ትልልቅ የሚዲያ ኩባንያዎች እጅ ገባ። ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አቤቱታ ቀርቦ ነበር። ያኔ ጣልቃ አልገባም። በውድድር ሕግ ዓይን ዕቃ ረከሰ ማለት ገዢው ተጠቀመ ማለት ነውና። ገዢው በዚያች በረከሰች ጋዜጣ ሳቢያ ነገ የሚያነበው ሌላ ጋዜጣ እንደሚያጣ የሚጽፍበት መስመር ቅጹ ላይ አልነበረም።

ሁለተኛው ታሪክ የበለጠ ግልጽ ነው። የመርዶክ ቤተሰብ ድርጅት ፎክስ፣ የቴሌቪዥን ኩባንያውን ስካይን ጠቅልሎ ሊገዛ ጠየቀ። በ2017 የአውሮፓ ኮሚሽን በውድድር ሕግ መርምሮ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ፈቀደ። ያንኑ ግዢ የብሪታኒያ የውድድርና ገበያዎች ባለሥልጣን በሌላ ጥያቄ መረመረው፤ ዜና የሚያቀርቡ እጆች ብዛት ምን ይሆናል በሚለው። የደረሰበት ድምዳሜ ቤተሰቡ በቴሌቪዥን፣ በሬዲዮ፣ በጋዜጣና በኢንተርኔት ዜና ላይ ከልክ ያለፈ ቁጥጥር፣ በሕዝብ አስተያየትና በፖለቲካ አጀንዳ ላይም ከልክ ያለፈ ተጽዕኖ ይኖረዋል የሚል ነበር። በ2018 ስካይ ኒውስ ተነጥሎ ለሌላ ካልተሸጠ ግዢው እንዳይሆን ተወሰነ። መጨረሻ ላይ ስካይን የአሜሪካው ኩባንያ ኮምካስት በጨረታ አሸንፎ ወሰደው። ግዢው አንድ ነበር። በአንዱ ጥያቄ አለፈ፤ በሌላው ወደቀ። ጸሐፊው አንዱ ጥያቄ ይበቃል ሲል የትኛውን እየጣለ እንደሆነ ይንገረን።

አሁን ወደ ቤታችን። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 አለን። ጸሐፊው የተማመነው እሱን ነው። አዋጁ በገበያ ላይ የበላይ መሆንን አይከለክልም፤ የሚከለክለው የበላይነትን አላግባብ መጠቀምን ነው። ይህ ለሲሚንቶ ያስኬዳል። ሲሚንቶ ደበቀ፣ ዋጋ ሰቀለ፣ ለእገሌ አልሸጥም አለ ይባላል። ጣቢያ ግን «አላግባብ ተጠቀመ» የሚባለው መቼ ነው? አንድ የመንደር ሰው ቤት ሲፈርስበት ካሜራ ባይልክ የትኛው አንቀጽ ተጣሰ? ያልተላለፈ ዜና ዋጋ የለውም፤ ደረሰኝም የለውም።

አስፈጻሚውስ? ሕጉን የሚያስፈጽም ራሱን የቻለ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ነበረን። በ2014 ዓ.ም. የመንግሥት ተቋማት ሲደራጁ ፈርሶ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ሄደ። የገበያ ዋጋ ሲቆጣጠር የሚውል ሚኒስቴር ነው ለሚዲያ ውህደትም ይበቃል የተባለው።

ሕግ አውጪዎቻችንም ቢሆኑ ይህን አጥተውት አይደለም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን ነጻነትና የመረጃ አዋጅ የፕሬስ ባለቤትነት በአንድ እጅ እንዳይከማች የሚል አንቀጽ ነበረው። የውድድር ሕግ ብቻውን በቂ ቢሆን ያ አንቀጽ ምን ሊሠራ ገባ?

«ሀብታሙ ባይገዛው ይሞት ነበር»

ግማሹ እውነት ነው። ዘ ታይምስ በ1981 ሲሸጥ ኪሳራ ውስጥ ነበር፤ ዛሬም አለ። ግን እንዴት እንደተገዛ ጸሐፊው አልነገረንም። በጊዜው ሕግ ትልልቅ የጋዜጣ ግዢዎች ወደ ሞኖፖሊ ኮሚሽን ይመሩ ነበር፤ አክሳሪ ከሆኑ ብቻ ሊታለፉ ይችላሉ። መርዶክ ቀድሞ ዘ ሰንንና ኒውስ ኦቭ ዘ ወርልድን ይዟል። ታይምስንና ሰንደይ ታይምስን ሲጨምር ጉዳዩ ለኮሚሽኑ ሳይመራ አለፈ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ጃንዋሪ 4 ቀን 1981፣ መርዶክ በጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር የገጠር መኖሪያ ቼከርስ ተገኝቶ ምሳ በልቷል። የምሳው ማስታወሻ ለሕዝብ የተከፈተው በ2012 ነው። 31 ዓመት ሆድ ይፍጀው ተብሎ የተቀመጠ ምሳ!

ሲገዛ በአዘጋጆቹ ሥራ ጣልቃ እንደማይገባ ቃል ገብቶ ነበር። ራሱ የሾመው የታይምስ ዋና አዘጋጅ ሃሮልድ ኢቫንስ በዓመቱ ተገፍቶ ወጣ። ውሻ በበላበት ይጮኻል የሚባለው አለምክንያት አይደለም።

እኛ ጋ አዳኙ ብዙውን ጊዜ ማስታወቂያ ነው። ጎረቤታችን የሆኑ ጡረተኛ ጋሼ መገናኛ ሲሄዱ አዲስ ዘመን ይገዛሉ። ርዕሰ አንቀጹን አያዩትም። ቀጥታ ጨረታውን ይገልጣሉ፤ ልጃቸው ያገለገለ መኪና ይፈልጋል። ከዚያ ክፍት የሥራ ቦታውን ያያሉ። ጨረታ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ይመጣል፤ ሙሉ ገጹ የባንክ ማስታወቂያ ነው። የግል ጋዜጣም የሚኖረው በዚያው እንጀራ ነው። ማስታወቂያ ሰጪው ጣት የሚቆጠር ሲሆን አዘጋጁ የባንኩን ዜና ከመጻፉ በፊት ሁለቴ ማሰቡ አይቀርም። ማንም ስልክ መደወል አያስፈልገውም።

«የፈረንጅ ጉዳይ ነው»

መርዶክ የለንም፤ እሺ። የኛ ትልቁ የሚዲያ ባለቤት መንግሥት ነው። ጸሐፊው ስለ ቱጃር ብቻ በማውራቱ ትልቁን ባለቤት ከሥዕሉ አወጣው። ሕገ መንግሥቱ አላወጣውም። አንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 5 በመንግሥት ገንዘብ የሚንቀሳቀስ ወይም በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ያለ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ለማስተናገድ በሚያስችለው ሁኔታ እንዲመራ ያዛል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ደግሞ የፖለቲካ ድርጅት የብሮድካስት ፈቃድ እንዳይሰጠው ከልክሎ ነበር። በዚያው ዘመን ፋናና ዋልታ በኢሕአዴግ ዙሪያ በነበሩ ድርጅቶች እጅ ነበሩ። ፓርቲው በስሙ አልተመዘገበም፤ ክልከላውም አልተጣሰም። ባለቤትነትን ከስም ጀርባ ካላዩት እንዲህ ነው የሚሆነው።

ባለሀብት ይበረግጋል ለሚለው ባንክን ላንሳ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ከመንግሥት በቀር አንድ ሰው ከባንክ አክሲዮን ከ5 በመቶ በላይ እንዳይዝ ገደበ። 2 በመቶና ከዚያ በላይ የያዘውን ደግሞ ተጽዕኖ ፈጣሪ ባለአክሲዮን ብሎ ለይቶ ያየው ነበር። ባለሀብቱ በረገገ? ከዚያ አዋጅ በኋላ ስንት አዲስ ባንክ እንደተከፈተ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ቆሞ ቅርንጫፎቹን መቁጠር ይቻላል።

ስለዚህ እኔ የምጠይቀው ከባንኩ ያነሰ ነው። ጋዜጦች አሳታሚያቸውንና አድራሻውን ገጻቸው ላይ እንደሚያትሙት ሁሉ፣ እያንዳንዱ የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ጣቢያ ከ5 በመቶ በላይ ድርሻ ያለውን ሰው ወይም ድርጅት ስም በየዓመቱ ያውጣ። ድርጅት ከሆነ ከድርጅቱ ጀርባ ያለውንም ሰው። የመንግሥት ማስታወቂያ ለማን ስንት ብር እንደተከፈለም አብሮ ይውጣ። ጸሐፊው ከዚህ ውስጥ ባለሀብት የሚያባርረው የቱ እንደሆነ በሚቀጥለው ጽሑፉ ቢነግረን አነብለታለሁ።